ደብተሮቹ ይቀመጡልኝ

አዳማ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የዘንድሮው ዝናብ ጉልበትዎን አልተጫነውም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ እርስዎንና እማማን ናፍቀዋል። ትልቋ የሚቀጥለውን ዓመት የሳይንስ መጽሐፍ ከአሁኑ እያገላበጠች «ይህን አያቴን እጠይቃቸዋለሁ» እያለች ጥያቄ ታጠራቅማለች፤ ስንመጣ ይዘጋጁ።

ይህን ደብዳቤ ያስነሳኝ ወንድሜ የነገረኝ ነገር ነው። ዕቃ ቤቱን እያጸዱ ነው አለኝ። ጅማ ሲያስተምሩና ባክቴሪያ ሲመረምሩ የሞሏቸውን የቤተ ሙከራ ደብተሮች በሙሉ አውጥተው በረንዳ ላይ ደርድረው፣ «ለባለሱቁ ስጡት፣ ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ ይሁነው» ብለዋል አለኝ። ለምን ብሎ ሲጠይቅዎም «የሚረባው ታትሟል፤ ያውም ጥቂት ነው። አሁን የባክቴሪያውን ዘረ መል በማሽን ያነቡታል፤ የእኔ የማስመሪያ ልኬት ለማን ይጠቅማል?» ብለው መለሱለት። አባባ፣ ይህን ስሰማ ልቤ ተሸበረ። በስልክ ብነግርዎ «እሺ ልጄ» ብለው አሳጥረው እንደሚያልፉት ስለማውቅ ተቀምጬ መጻፍን መረጥሁ። ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ አንዲት ደብተር ከቤት እንዳትወጣብኝ እለምንዎታለሁ።

ዋናውን ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር። እርስዎ አይረባም ያሉት የማስመሪያ ልኬት ከታተመው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነው። ይህን የምለው አባቴ ስለሆኑ አይደለም፤ በመድኃኒት ቤት ሥራዬም ስለማየው ነው። መድኃኒት ባክቴሪያን ማሸነፉ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ባክቴሪያው ተበጥብጦ በሳህኑ አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚበቅልበት የረጋ ምግብ ላይ ይቀባል፤ መድኃኒት የተነከሩት ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ይደረደራሉ፤ ሳህኑ ሙቀቱ በሚጠበቅ ሣጥን፣ በኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ያ ክብ ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ከጠበበ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ክቡን በዓይኑ ገምቶ «ይሠራል» ወይም «ተላምዷል» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። እርስዎ ግን ሳህኑን በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጠው በማስመሪያ እየለኩ የእያንዳንዱን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ጻፉ። ዓመት ከዓመት፣ ክረምት ከበጋ ጻፉት።

«ይሠራል» እና «ተላምዷል» የሚለውን የሚለየው ወሰን ግን ባለበት የሚቆይ አይደለም፤ ሳይንሱ ሲበስል ይሻሻላል። የአሜሪካው የክሊኒካዊና የላቦራቶሪ መመዘኛዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ታይፎይድ ለሚያመጣው የባክቴሪያ ወገን፣ ለሳልሞኔላ፣ ያወጣውን ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት ወሰን ያስታውሱታል። ቀድሞ 21 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ «መድኃኒቱ ይሠራል» ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን 31 ሚሊ ሜትር ሆነ። እንግዲህ በድሮ ዘመን 25 ሚሊ ሜትር የተለካ አንድ ሳህን ይውሰዱ። በታተመው ጽሑፍ ውስጥ «ይሠራል» ተብሎ በመቶኛ ተደምሯል፤ ከዚያ ድምር ውስጥ ማንም ነቅሶ ሊያወጣው አይችልም። በእርስዎ ደብተር ላይ ግን 25 የሚለው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። ዛሬ አንድ ወጣት ተመራማሪ በአዲሱ ወሰን ቢመዝነው፣ መድኃኒቱ መዳከም የጀመረው ሰው ሁሉ ከሚያስበው ቀደም ብሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ሊናገር ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የዘረ መል ማሽን አሁን ቢመጣ የሚያነበው ነገር የለም። የቀረው ያ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱንም በርበሬ ሊጠቀለልበት ነው።

ቁጥሩ የሚታመን መሆኑን ደግሞ ደብተሩ ራሱ ይመሰክራል። በየሳምንቱ መጀመሪያ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀውን የመቆጣጠሪያ ባክቴሪያ፣ ያንን 25922 የሚባለውን ኢ. ኮላይ፣ ለክተው ውጤቱ ከተፈቀደው ክልል ሲወጣ የሳምንቱን ሥራ ይዘው ያቆዩ ነበር። የመድኃኒት ወረቀቶቹ የተሠሩበትን ቁጥርና የሚያበቁበትን ቀን በገጹ ራስጌ ይጽፋሉ። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በቀይ የተሰረዙት ገጾች ናቸው። «ሌሊቱን መብራት ስለጠፋ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዟል፤ የዛሬው አይቆጠርም።» «አጋሩ ቀጥኖ ፈስሷል፤ አይቆጠርም።» የጅማን ዝናብና የመብራቱን ነገር ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቀን እየቆጠረ ቆሞ ሳለ ያንን መስመር ማስመር ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ያልተቆጠረውን የጻፈ ሰው የቆጠረውን አምኖ መቀበል ይቻላል። ከታተሙት ጽሑፎች ውስጥ የትኛው ይህን ይነግረናል?

«ያውም ጥቂት ነው» ያሉት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህንንም ልመልስልዎ። በ1979 ዓ.ም. ጅማ ሲመጡ የጤና ሳይንስ ተቋሙ ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ መሐል ባሉት ዓመታት የእርስዎ ጊዜ የት እንደሄደ እኔ በልጅነት ዓይኔ አይቻለሁ። ዕቃ የሚመክንበት ማሽን፣ ኦቶክላቩ፣ ሲበላሽ የእማማን የግፊት ድስት ወስደው በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ የሚፈላውን አፈሉበት፤ እማማም እስካሁን ትናገረዋለች። ለባክቴሪያ ማብቀያ ጊዜው ካለፈበት የሰው ደም ይልቅ የበግ ደም ይሻላል ብለው በግ አስጠበቁ። የሰው ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ወይም የመድኃኒት ቅሪት ሊኖር ስለሚችል የባክቴሪያውን እድገት ያዛባል፤ ደም የማፍረስ ባሕርይውንም በትክክል አያሳይም ይሉ ነበር። ከበጉ በንጽሕና የተቀዳው ደም እንዳይረጋ የመስተዋት ዶቃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እያወዛወዙ በግቢው ሲመላለሱ ትዝ ይለኛል። ሌሎች በተሟላ ቤተ ሙከራ ገብተው በወራት የሚጨርሱትን ጥናት እርስዎ ቤተ ሙከራውን እየሠሩ ነው የሠሩት። የጽሑፍ ብዛት ሲቆጠር ያ ጊዜ በማንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ እኔ ግን አስገባዋለሁ።

ማስተማርዎን እንዲህ በአጭሩ አላልፈውም። ከተማሪዎችዎ አንዱ፣ ዛሬ ትልቅ ላቦራቶሪ የሚመራው፣ ባለፈው ዓመት አንድ ሥልጠና ላይ አግኝቶኝ የማን ልጅ እንደሆንሁ ሲያውቅ ምሳውን ትቶ ስለ እርስዎ ነገረኝ። ባክቴሪያን በቀለም የሚለየውን የግራም ማቅለሚያ ሲያስተምሩ ከአራቱ እርምጃዎች ሦስቱን በፍጥነት አልፈው አልኮሉ ላይ ይቆማሉ አለኝ። ሐምራዊው ቀለም፣ አዮዲኑ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቀዩ ቀለም፣ እነዚህ ጥቂት ሰከንድ ቢበልጡም ቢያንሱም ይቅር ይላሉ። አልኮሉ ግን ከበዛ ሐምራዊ መሆን የሚገባውን አጥቦ ቀይ ያስመስለዋል፤ ካነሰም ቀይ መሆን የሚገባው ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙ ይህን አያይም፤ እሱ የሚያየው እናንተ የጻፋችሁትን ነው እያሉ በአንድ ስላይድ ላይ የታወቁ ሁለት ባክቴሪያዎችን ጎን ለጎን አስቀብተው ያለማምዷቸው ነበር። ሃንስ ክርስቲያን ግራም ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1884 ሲያወጣ ገና ወጣት ሐኪም እንደነበርና ጉድለቱንም ራሱ ጽፎ እንዳስቀመጠ እየነገሩ፣ ስለ ሥራችሁ ጉድለት ለመጻፍ አትፈሩ ይሉ ነበር።

ደግሞም ያቺ ገጹን ለሁለት የምትከፍለው መስመር! በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የመሰለኝ»። ተማሪው በማይክሮስኮፕ ያየውን ሥሎ ሳይጨርስ ስሙን እንዳይጽፍ ይከለክሉ ነበር። ሰውየው ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አሁን እሱም ሠራተኞቹን እንደዚሁ ያሠራል። አንድ ሰው ያየውንና የመሰለውን ለይቶ እንዲጽፍ ማሠልጠን ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ከዚህ የሚበልጥ የአስተማሪ ሥራ አላውቅም። የዩኒቨርሲቲው ልማድ ሆኖ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ወደ ሰቃ፣ ወደ ሰርቦ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ አጋሮ ሲወጡ ያ መስመር አብሯቸው ወጥቷል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው አንድ ማይክሮስኮፕ ብቻ ሲሆን፣ አክታ ይዞ የመጣ ገበሬ ተራ ሲጠብቅ፣ ያ ሥልጠና የሰው ሕይወት ነው።

ምርምርዎን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ወተቱ ነው። ለአዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ቀን በፋኒ ሄሰ ታሪክ ይጀምሩ ነበር፤ እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ በሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ ባክቴሪያ የሚያበቅሉበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግራቸው፣ የአንዱ ተመራማሪ ሚስት የነበረችውና በማእድ ቤት አጋርን የምታውቀው እሷ እ.ኤ.አ. በ1881 መላ ሰጠች፤ ዓለም እስከ ዛሬ በእሷ መላ ይሠራል። ከዚያ ቀጥለው «እናቶቻችሁ የወተቱን ዕቃ በወይራ የሚያጥኑት ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ «ለሽታው» ይላል። እርስዎም ዕቃውን ታጥኖና ሳይታጠን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቁጠሩ ይሏቸዋል። ጭሱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የባክቴሪያውን መብዛት እንደሚያዘገይ፣ እርጎው ሲረጋ ደግሞ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች አሲዱን ከፍ አድርገው በሽታ አምጪዎቹን እንደሚያስጨንቋቸው ራሳቸው ያዩታል። አሲዱ ገና ሳይበረታ የሚጠጣ ወተት ግን ደኅና ነው ማለት እንዳልሆነም አይዘነጉም ነበር። የእናቶችን ጥበብ ማወደስ ብቻ ቀላል ነበር፤ እርስዎ ወሰኑንም አብረው ለኩት።

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉትን ሳይንቲስትም የሚያነሡት ለዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ከዚያም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለመቆጣጠር የዕድሜ ልክ ሥራ መሥራታቸውን። የወንዝ ዳር አያምልጣችሁ ይሉ ነበር። የጅማ ወንዞችም አላመለጥዎትም፤ ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡናው ሲፈለፈል ተማሪዎችዎን ይዘው ይወጡ ነበር። በገንዳው ውስጥ የቡናውን የሚያሟልጭ ሽፋን የሚያላቅቁት ጥቃቅን ተሕዋስያን ጠቃሚዎቻችን ናቸው፤ ያ ስኳርና የቡናው ሽፋን የበዛበት ውኃ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ግን በዚያ የሚበዙት ተሕዋስያን የውኃውን ኦክስጅን ጨርሰው ሌላውን ሕይወት ያፍኑታል። ሽታውን እኔም አውቀዋለሁ። የወንዙ ደብተሮች አረንጓዴ ጀርባ ያላቸው ናቸው፤ እነሱም በረንዳው ላይ ካሉ ይመለሱ።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ፤ እዚህ ላይ በየቀኑ እርስዎን የማስታውስበት ነገር አለ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ። ሦስት ቀን ያተኮሰው ልጅ፣ ራሱን ያመመው ሽማግሌ፣ የደከመው ነጋዴ፣ ሁሉም ያው ወረቀት። እርስዎ ይህን ገና ድሮ ሲታገሉት አይቻለሁ። የዊዳል ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያሳይ ዘዴ ነው። ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነ ሰው፣ በሌላ ሳልሞኔላ የተያዘ፣ ወባ ያለበት ሳይቀር ደሙ በምርመራው ሊቋጥርና ታይፎይድ ያለበት ሊመስል ይችላል። በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ፣ በሽታው በተለመደበት አገር፣ «ታይፎይድ ነው» ማለት አይቻልም፤ ደሙን አብቅሎ ባክቴሪያውን ማግኘት ነው እውነተኛው ማስረጃ። ለታይፈስ የሚደረገው የዋይል ፌሊክስ ምርመራም እንዲሁ ደካማ ነው። ተማሪዎችዎን አሳምነው ጤነኛ እያሉ የገዛ ደማቸውን እንዲመረምሩ ሲያደርጉ፣ ከመካከላቸው «ታይፎይድ አለብህ» የሚባል ሲገኝ የሚሰማቸውን ድንጋጤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይረሱትም።

በዚህ ምክንያት የቀዘቀዘብዎት ወዳጅ እንደነበረ አውቃለሁ። «ገበያችንን ዘጋብን» ያሉም ነበሩ። እርስዎ ግን የተሳሳተው ወረቀት የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሹ ጉዳት ነው ይሉ ነበር፤ ትልቁ ጉዳት ያለ በሽታው የተዋጠው መድኃኒት ነው፤ በሆዱ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ያለማምዳል፤ እውነተኛው ሕመምም ሳይታወቅ ይቆያል። እኔ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ አልሸጥም ስል የሚቆጣኝ ደንበኛ ብዙ ነው፤ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድም አለ። ታግሼ ማስረዳቱን የተማርሁት ከፋርማሲ ትምህርት ቤት አይደለም።

እንግዲህ አባባ፣ ያሰብሁትን ልንገርዎ። ያ ተማሪዎ ስለ ደብተሮቹ ስነግረው እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ «ሚሊ ሜትሩ አለ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ቁጥሩ በዓለም ጤና ድርጅት ትብብር በተሠራው በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይገባል፤ ፕሮግራሙ ሚሊ ሜትሩን እንዳለ ተቀብሎ በፈለጉት ዓመት ወሰን ያሰላዋል። የሕሙማን ስም እንደማይጽፉ አውቃለሁ፤ የካርድ ቁጥሩም ሲገለበጥ እንዲሸፈን ተስማምተናል። ሳያስፈቅደኝ የትም እንዳይወጣና የሥራው ባለቤትነት የእርስዎ መሆኑ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ጠይቄዋለሁ፤ ያለ ማንገራገር እሺ አለኝ።

ከእርስዎ የምፈልገው ግን ማንም ሊተካው የማይችል ነው። በደብተሮቹ ዳር የሚያደርጓቸው ምልክቶች አሉ፤ በክብ ውስጥ ያለች ነጥብ፣ ሁለት ጭረት፣ አንዳንድ ቦታ ቀይ ኮከብ። እኔ ኮከቡን ብቻ አውቀዋለሁ፤ ዳግመኛ ተለክቷል ማለት ነው። የቀሩትን ይንገሩን። የመድኃኒት ወረቀቶቹን አቅራቢ የቀየሩት በየትኞቹ ዓመታት እንደሆነ፣ አጋሩን ከየትኛው ፋብሪካ ዱቄት ያዘጋጁ እንደነበር፣ የናሙናዎቹ አህጽሮት እያንዳንዱ ምን እንደሆነ። ወንድሜ በድምፅ ይቀዳዎታል፤ አንድ ደብተር ይዘው ሲያገላብጡ ብቻ ይናገሩ፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። ዓይንዎ እንዳይደክም በቀን ብርሃን ቢሆን ይሻላል፤ የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮም አደራ፣ አይዝለሉት።

ለመስቀል እንመጣለን። እስከዚያ ደብተሮቹ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ይግቡ፤ በረንዳው ላይ ዝናቡ ይደርስባቸዋል። መሬት ላይ ሳይሆን በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብለው ይደርደሩ። እርጥበት የነካቸውን ፕላስቲክ ውስጥ እንዳያደርጉብኝ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ ከቀሩት ለይቶ ገጾቹን በነፋስ እየገለጠ ያደርቃቸዋል። ለባለሱቁ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት እኔ ከዚህ እልክለታለሁ፤ ቃል የገቡለት እንዳይቀርበት።

እማማን በጣም ሳሙልኝ። የግፊት ድስቷ ጉዳይም በመዝገቡ መግቢያ ላይ እንደሚጻፍ ይንገሩልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ